ያደረ ጠላ፣ የከረመ ቢራ

ጠላ ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ እናቶቻችሁን ብትጠይቁ መልሱ እንደየቤቱ ይለያያል። አንዷ ገና በአምስተኛው ቀን ኮመጠጠ ትላለች፤ ጌሾ የምታበዛው ደግሞ ሁለት ሳምንት ታቆየዋለች። ጠላ ስንት ዓመት ይቆያል ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይስቁባችኋል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት በዓመት ስለሚቆጠረው መጠጥ ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከቤታችን ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ራቅ ብሎ በሰሜኑ ጥግ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ የካርቶን ሣጥን አለ። ውስጡ 11 ጠርሙስ ቢራ ቆሟል። በእጄ የጠመቅሁት በ2006 የኅዳር ወር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሲጀመር 48 ነበር። ለምን እንደተጠመቀና ለምን እስከዛሬ እንዳላለቀ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን ቢራ እንዴት ሊከርም እንደሚችል እንነጋገር፤ ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ወዳጆች ብዙ ናቸውና።

ጠላ የማይከርመው ስለሚናቅ አይደለም፤ ለመክረም ስላልተሠራ ነው። የተራ የቤት ጠላ አልኮል ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 ነው። የተጣራው፣ ፊልተር የምንለው፣ ውሃው ስለሚያንስ 5 ወይም 6 ይደርሳል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ብቅሉ፣ አሻሮው፣ ጌሾው ተራ በተራ ይገባና አፉ በጭቃ ይመረጋል። እናቶቻችን ኦክስጅን የሚባል ነገር በትምህርት ቤት ባይማሩም አየር ጠላ እንደሚያበላሽ ያውቁ ነበር፤ ያ ምርጊት ለጌጥ አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። በጣሳ በተጨለፈ ቁጥር አየር ይገባል፤ በአየሩም እየታገዙ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን ይጀምራሉ። ግን ማን ግድ አለው? ጠላ የተጠመቀው ለማኅበር ነው፣ ለደቦ ነው፣ ለሠርግ ነው። ከመኮምጠጡ በፊት ሰው ደርሶ ይጨርሰዋል።

ቢራ እንዲከርም ከተፈለገ ከመጀመሪያው ጠንክሮ መሠራት አለበት። እኔ ከመቶ 8 በታች የሆነውን ለማቆየት አልሞክርም፤ እንዲያውም ቀለል ያለ ቢራ በየወሩ እየደከመ፣ እየገረጣ ነው የሚሄደው። በሱቅ የምትገዙት የተለመደ ቢራ ጠርሙሱ ላይ ቀን የተጻፈበት ያለ ምክንያት አይደለም። አልኮሉ ሲበዛ ግን ብዙዎቹን አበላሽ ተሕዋስያን ያግዳል። ፈረንጆቹ በጌሾ ፈንታ የሚጠቀሙበት ሆፕ የተባለው አበባም ያግዛል። ካልተጣራ ደግሞ ከጠርሙሱ ግርጌ የሚቀረው ጥቂት እርሾ ሲታሸግ የገባውን አየር ይበላዋል። ብቅሉ ከበዛ በኋላ ሳይብላላ የሚተርፈው ጣፋጭነትም አለ፤ ጊዜ የሚሠራበት ዋናው ጥሬ ዕቃ እሱ ነው።

እንግሊዞች በዚህ የቆዩ ናቸው። በድሮ ዘመን ባለርስቶቻቸው በጥቅምት ወር፣ አዲሱ ብቅል ሲደርስና አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ጠንካራ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ወራሽ ልጅ ሲወለድም አንድ በርሜል ሞልተው ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ለመክፈት ያስቀምጡ ነበር። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በርተን ከተማ ወደነበረው የባስ ቢራ ፋብሪካ ሄደው ስለነበር በዚያ ቀን የተጠመቀው ቢራ በስማቸው ታሽጎ ተቀምጧል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የቀመሱት ሰዎች አሉ። በ1968 ደግሞ ዶርቼስተር ይገኝ የነበረው ኤልድሪጅ ፖፕ የተባለው ጠማቂ የደራሲውን የቶማስ ሃርዲን 40ኛ ሙት ዓመት ለመዘከር በስሙ አንድ ቢራ ሠራ፤ ለዓመታት እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ቢራ ነበር። ይህን ዓይነቱን መጠጥ የገብስ ወይን ይሉታል። ወይን ግን የለበትም፤ ብርታቱ እንደ ወይን ስለሆነ ነው።

ሕጉን የምትጠይቁኝ አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ወይን በቤት መሥራት ቀደም ብሎ ቢፈቀድም ቢራ ግን የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ከፈረሙት ሕግ ወዲህ ነው። አንድ ጎልማሳ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ያሉበት ቤት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። ክፍለ ግዛቶቹ በየራሳቸው ሲፈቅዱ ቆይተው ሚሲሲፒና አላባማ በ2013 የመጨረሻዎቹ ሆነዋል። አረቄ ማውጣት ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የለም፤ በዚያ በኩል የምትመኙ ካላችሁ ምኞታችሁን በልባችሁ ያዙት። በዓረብ አገር ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ አንብቡት፤ ያለንበት አገር ሕግ ይለያያልና ለአንድ ጠርሙስ ብሎ እሥር ቤት መግባት አይገባም።

ሌላው ሕግ የሰፈር ሕግ ነው። ወንድ ልጅ ጠላ አይጠምቅም! መጀመሪያ ብቅል በከረጢት ተሸክሜ ስገባ ባለቤቴ አንገቷን ነቀነቀች፤ ጓደኞቼም ለብዙ ጊዜ "እመቤት" ሲሉ ጠሩኝ። በሦስተኛው ዓመት ራሳቸው ባዶ ጠርሙስ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እንግዲህ የ2006ቱ እንዲህ ነበር የተሠራው። መጠኑ አምስት ጋሎን ነው፤ 19 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ለዚህ 9 ኪሎ የገብስ ብቅል ገባበት። ለተራ ቢራ ግማሹ ይበቃ ነበር። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ ከሆፑ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል አፈላሁት። ከዚያ ቶሎ ቀዝቅዞ እርሾው ገባበት። ለእንዲህ ያለ ከባድ ድፍድፍ አንድ ፓኬት እርሾ አይበቃም። ስኳር የሚለካበት ሀይድሮሜትር የሚባል የመስታወት መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጠማቂ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ሲጀመር 1.100 አነበበ፣ ሲያበቃ 1.025። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሒሳቡ ከመቶ 10 አልኮል ገደማ ይሆናል። ከዚያ በትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ለሦስት ወር ተቀምጦ አተላው ወረደ፣ ጠራ።

በጠርሙስ መሙላቱ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ጠርሙሱ ቡናማ ይሁን። ብርሃን በሆፑ ላይ ሲያርፍ ቢራው ይሸታል፤ ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ አይከላከልም። በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈተው ዓይነት ጠርሙስ ቆርኪ በደንብ አይዝም። ሁሉም በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በማጽጃ መድኃኒት ተለቅልቆ ይደርቃል። ቢራው የሚቀዳው በቀጭን ቱቦ፣ ቱቦው የጠርሙሱን ግርጌ ነክቶ፣ ቀስ ብሎ ነው፤ ጠላ ከፍ አድርጎ ማንቆርቆር ለእንግዳ ያምራል፣ ለሚከርም መጠጥ ግን አየር ማስገባት ነው። ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተዋል። አረፋ እንዲኖረው ለ19ኙ ሊትር 100 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ ፈልቶ ይገባበታል፤ የድሮው እርሾ ስለሚደክም ትንሽ አዲስ እርሾ ይጨመርበታል። ከዚያ ቆርኪው በመግጠሚያው ይመታል።

ያቺ 100 ግራም በሚዛን ትለካ፣ በእፍኝ አይሆንም። ከዚህም በላይ መፍላቱን ያልጨረሰ ነገር በፍጹም አይታሸግ። ጠጅ የምትጥሉ ይህን ስሙኝ፤ የማር ስኳር ብዙ ነው፣ ብርድ ያለበት ቤት ደግሞ እርሾውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ፀጥ ያለ ይመስላችሁና ታሽጉታላችሁ፣ ሚያዝያ ሲገባ ይነቃል። አንድ ወዳጃችን በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው የጠጅ ጠርሙስ ሌሊት ፈንድቶ የመስታወቱ ስባሪ ከበሩ እንጨት ላይ ተሰክቶ ተገኝቷል። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም፤ የሠርግ ሱፉ ግን እስከዛሬ ማር ማር ይሸታል። ሀይድሮሜትሩ ለሁለት ሦስት ሳምንት አንድ ዓይነት ቁጥር ካላሳየ ቆርኪውን አትንኩት።

ከታሸገ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ወር በቤት ሙቀት ይቆያል፣ አረፋ እንዲይዝ። ከዚያ ወደ ጨለማና ወደ ብርድ ይወርዳል። እንደ እኔ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ቦታ ተስማሚ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኬሚካሉ ሥራ በግምት እጥፍ ይፈጥናል ይላሉ፤ ስለዚህ በጋራዥ አንድ በጋ ያሳለፈ ጠርሙስ በምድር ቤት ሁለትና ሦስት በጋ ካሳለፈው ጋር እኩል ያረጃል። ቢራ እንደ ወይን አይጋደምም፤ ቆሞ ይቀመጣል። የወይን ቡሽ እንዳይደርቅ ይጋደማል፣ ቆርኪ ግን የሚደርቅ ነገር የለውም። ቆሞ ሲቀመጥ አተላው ከግርጌ ይተኛል፣ ሲቀዳም አይነሣም። እኔ በቆርኪው ላይ ሰም አቅልጬ ነክሬበታለሁ። አስፈላጊ ነው የሚሉም አይደለም የሚሉም አሉ፤ ያማረ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ጣዕሙስ? በሦስተኛው ወር ስንቀምሰው ጉሮሮ ያቃጥል ነበር፣ መራራነቱም ከጌሾ ይብስ ነበር። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ ብርጭቆዋን አስቀመጠችው። በዓመቱ ቃጠሎው በረደ። በሦስተኛው ዓመት መራራው ወደ ኋላ ሄደና የተጠበሰ ዳቦና የካራሜል ጣዕም ወጣ። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ዓመት የነበረውን ግን እንዴት ልንገራችሁ? ዘቢብ፣ ቴምር፣ ትንሽ ማር የነካው የመሰለ፣ አረፋው እንደ ሐር የለሰለሰ። የሠራሁት እኔ መሆኔን ተጠራጠርሁ። ከዚያ ወዲህ በቀስታ እየወረደ ነው። አረፋው ቀንሷል፣ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ከጠርሙስ ጠርሙስም ይለያያል። አንዳንዱ የዱሮ ጠጅ የሚያስታውስ መዓዛ አለው፣ አንዱ ደግሞ እርጥብ ካርቶን ያሰኛል። አየሩ በቆርኪው በኩል ጥቂት በጥቂት መግባቱ አልቀረምና። አሁንም ይጠጣል፣ ጥሩ ነው፤ ከፍታውን ግን አልፏል።

ለምን ታዲያ በስምንተኛው ዓመት አልጨረስከውም ትሉኝ ይሆናል። ቢራው የተጠመቀው ለጋሼ ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያስተማረኝ፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በነበረው ማታ አንድ ጠላ ቤት ወስዶኝ እስኪዘጋ ድረስ ተቀመጥን፣ ምንም ቁም ነገር አልተነጋገርንም። በ2006 ዜግነት እንዳገኘሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የእሱን ማመልከቻ ማስገባት ነበር። የወንድምና የእህት ወረፋ ረጅም መሆኑን ሰምቻለሁ፤ በሕጉ ለዓለም ሁሉ በዓመት የተመደበለት ቪዛ 65,000 ብቻ ነው። "አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል" አሉኝ። እኔም አሥር ዓመት የሚቆይ ነገር ልጥመቅለት ብዬ ያን ብቅል ገዛሁ። ከ48ቱ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 20ው ለወዳጅ ስጦታና ለቅምሻ ሄደ። ከ2009 ጀምሮ በየእንቁጣጣሹ አንድ ብቻ እንከፍታለን፣ ጣዕሙንም በስልክ እነግረዋለሁ። "ዘንድሮ እንዴት ሆነ?" ይለኛል ከአዲስ ዓመት ሰላምታው ቀድሞ።

አሥሩ ዓመት ሞላና አለፈ። ወረፋው የደረሰው በ15ኛው ዓመት፣ ከወረርሽኙ በኋላ ነበር። ማመልከቻው ሲገባ ትልቋ ልጁ 14፣ ትንሿ 11 ዓመታቸው ነበር፤ ወረፋው ሲደርስ ሁለቱም ከ21 በላይ ሆነው ከአባታቸው ጋር መምጣት የማይችሉ ሆኑ። ትልቋ አግብታ ወልዳለች። የቀሩት ጋሼና ባለቤቱ ናቸው። እማዬ ደግሞ አለች፤ ከአልጋ ስትነሣ የሚደግፋት እሱ ነው።

እማዬ በ2011 መጥታ ሦስት ወር አብራን ነበረች። አንድ ቀን ከሣጥኑ አንዱን አውጥቼ በጥንቃቄ፣ አተላው እንዳይነሣ ዘንበል አድርጌ፣ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ቀምሳ ዝም አለች። ቆይታ "ይኼ ጠላ አይደለም፣ መድኃኒት ነው" አለችኝ። ከዚያም ሣጥኑን አየችና "ይህን ሁሉ ለማን ደብቀህ ነው?" አለች። ለጋሼ መሆኑን ነገርኋት። እማዬ በሕይወቷ መጠጥ አቆይታ አታውቅም፤ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ጋን መርጋ መቀመጥ ለእሷ ንፉግነት ነው። "እዚያ ልኮ ማጠጣት ሲቻል እዚህ ማስጠበቅ ምን ይሉታል?" ብላ በርሜል የሚያህል ጥያቄ ጥላብኝ ወደ ላይ ወጣች። ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ፤ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ ይመጣል፣ ቢራውም ገና እየበሰለ ነው አልኋት።

ባለፈው እንቁጣጣሽ፣ በ2025፣ የዓመቱን ጠርሙስ ከፍተን ስደውልለት ጋሼ እንደ ልማዱ ስለ ቢራው አልጠየቀኝም። "እማዬ በሕይወት እያለች አልመጣም። ከእሷም በኋላ ልጆቼን ትቼ ምን ልሠራ እመጣለሁ? 60 ዓመት ሞላኝ እኮ" አለኝ። እኔም ምንም አላልሁም። ባለቤቴ ስልኩን ወስዳ ስለ ልጅ ልጁ ጠየቀችው። ወደ መጨረሻው እንደገና ተቀበልኋትና ስንት ጠርሙስ ቀረ አለኝ። 11 አልሁት። "ለገና ከመጣህ ስንቱን ትይዛለህ?" አለኝ።

ስድስት ልወስድ ነው። አልኮሉ ከመቶ 24 በታች የሆነ መጠጥ በጭነት ሻንጣ ውስጥ በዚህ በአሜሪካ በኩል የአውሮፕላን ደንብ መጠኑን አይገድበውም፤ በእጅ ሻንጣ ግን አይታለፍም። እያንዳንዱን በወፍራም ካልሲ፣ ካልሲውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በፎጣ ጠቅልዬ ከሻንጣው መሃል፣ ከጠርዙ ርቆ እንዲቀመጥ አስቤአለሁ። እንዲህ ከተናወጠ በኋላ አተላው ስለሚነሣ እንደደረሰ አይከፈትም። አንድ ሳምንት ቀጥ ብሎ ጨለማ ቦታ መቆም አለበት፤ ጋሼ ከአልጋው ሥር ቦታ ለቆልኛል። ፍሪጅ ውስጥ እንዳያስገባው ነግሬዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቢራ በጣም ከቀዘቀዘ መዓዛው ይዘጋል። የተቀሩትን አምስቱን ባለቤቴ ትጠብቃለች።

እማዬም በስልክ ሰምታለች። ጠላ አስጠምቃ እንደምትጠብቀኝና የእኔንም ጎን ለጎን እንደምትቀምሰው ነግራኛለች። ጌሾው እንዲበዛ አዝዛለች አሉ።